ልጁን ማን ይያዘው? ከጀፎረ እስከ ቤተ ክርስቲያን ግቢ

በማኅበራችን የስብሰባ መዝገብ ውስጥ «የቀረችበት ምክንያት» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። መዝገቡን ስንከፍት ያበጀናት ለቅጣት ሒሳብ ነበር። ለቅሶ የደረሰች፣ የታመመች ወይም የወለደች አባል አትቀጣም፤ በሌላ ምክንያት የቀረች ግን ትቀጣለች። ባለፈው የሒሳብ ዓመት መዝጊያ ላይ ደረሰኝና መዝገብ ስናመሳክር ዓይናችን ከገንዘቡ ዓምድ ይልቅ በዚህችኛዋ ላይ ቀረ። «ልጅ የሚይዝላት አጥታ» የሚለው ገጽ በገጽ ይደጋገማል። አንዳንድ ቦታ ላይ ጸሐፊዋ መድገሙ ሰልችቷት «ልጅ» ብላ ብቻ አልፋዋለች። ለቅሶውም ሕመሙም ገበያውም ተደምሮ ይህን አያህልም። እኛ ደግሞ እነዚህን እናቶች ስንቀጣ ነው የከረምነው።

ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያች ዓምድ ናት። ከወልቂጤም ከቡታጅራም ያለን አባላት (ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አንዳችን የጉራጌ ዞን ሌላችን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ነዋሪዎች ብንሆንም መዝገባችን አንድ ነው) ተሰባስበን፣ ልጅን ከእናቱ ውጪ ማን ሲይዘው እንደኖረ ወደ ኋላ ሄደን ለማየት ሞከርን። ያነበብነውን፣ የሰማነውንና ራሳችን ያለፍንበትን እዚህ እናቀርባለን።

ከአገር ቤት እንጀምር። የጉራጌን መንደር የሚያውቅ ሰው ጀፎረን ያውቃል። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይሠራሉ፤ በመሐላቸው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጎዳና ያልፋል። ሠርግም ለቅሶም ሽምግልናም የሚካሄደው እዚያ ላይ ነው። አጥሩን ገፋ አድርጎ ከጀፎረው የሚቆርስ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። ስለ ጀፎረ የሚጽፉ ሰዎች ውበቱንና ሥርዓቱን ያነሣሉ። እኛ እናቶች ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን፤ ጀፎረ የልጆች መዋያ ነው። ከጓሮ እንሰት የምትፍቅ እናት ቀና ባለች ጊዜ ልጇን እሷ ባታየው እንኳ ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ታየዋለች። የወደቀውን ያነሣችው ሴት የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቅም። ሞግዚት የሚባል ሥራ አልነበረም፤ መንደሩ ሁሉ በዓይኑ ይጠብቅ ነበር።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳናሳምረው ግን እንጠንቀቅ። እንሰት የሚተክለው ወንዱ ነው፤ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ ማብላላቱና ቡላውን መለየቱ የሴት ሥራ ነው። ሥራው ቀን ሙሉ እጅን ይይዛል፤ በደቦ ካልሆነም አይገፋም። ጡት የሚጠባው በአንቀልባ ጀርባ ላይ ይታዘላል። ድክ ድክ የሚለውን የምትይዘው ታላቅ እህቱ ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ናት። ወንዶቹ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ለመስቀል ሲመለሱ፣ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ የያዘችው እናት ነበረች፤ እናትን የያዘቻት ደግሞ ያች ትንሽ ልጅ። ዛሬ በማኅበራችን ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ እናቶች ለምን እንዳልተማሩ ስንጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ «ታናናሾቼን እይዝ ነበር» ይላሉ። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጆካ ሸማግሌዎች ፊት ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ ስትሟገት፣ ስለዚያች ልጅ የተከራከረላት ሰው ስለ መኖሩ አልሰማንም።

ከቤት ውጪ ሕፃናትን ሰብስቦ ማዋል የጀመሩት በአገራችን የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። አራትና አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ይላክ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ከ«ሀ ሁ» ይጀምራል፤ አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን እያለ ይቀጥላል። በሙስሊሙ ወገን የቁርዓን ቤት አለ፤ አሊፍ ባ ታ የሚቆጠርበት። ዛሬም ቡታጅራ ውስጥ ጠዋት በእግር ያለፈ ሰው ሁለቱንም ድምፅ ይሰማል። ዓላማው የእናትን ሸክም ማቅለል አልነበረም፤ ልጁን ለጸሎት ማብቃት ነው። የሚላከውም በአብዛኛው ወንዱ ነበር። ቢሆንም ለእናት ግማሽ ቀን ሰጥቷታል፤ ሕፃንን ለሃይማኖት ሰው አምኖ መስጠትም በሕዝቡ ዘንድ እንግዳ ነገር እንዳይሆን አድርጓል። ኋላ የቤተ ክርስቲያን ማቆያ ሲመጣ ያላስደነገጠን አንዱ ለዚህ ይመስለናል።

በሌላው ዓለምስ? እዚህ ላይ ያገኘነው ታሪክ ደስ ስላሰኘን ትንሽ እንቆይበት። በፈረንሳይ አልዛስ በሚባለው አገር፣ ባን ደ ላ ሮሽ የተባለ ተራራማና ድሀ አካባቢ አለ። ዮሐን ፍሬድሪክ ኦበርሊን የሚባል የፕሮቴስታንት ቄስ እ.ኤ.አ. በ1767 ለአገልግሎት ወደዚያ ሄደ። በዚያም ሣራ ባንዜ የምትባል ወጣት ገበሬ እናቶች እርሻ ሲውሉ የሚቀሩትን ሕፃናት ቤቷ ሰብስባ ሹራብ መሥራት ታስተምራቸው ነበር። ኦበርሊን ሥራዋን አይቶ እንዲቆም አላደረገም፤ ይልቁን ደመወዝ ቆርጦላት በየመንደሩ እንዲስፋፋ አደረገ። ይህ የሆነው በ1770 ገደማ ነው፤ ፍሮበል ጀርመን ውስጥ ሥራውን ከመጀመሩ ከስልሳ ዓመት በላይ ቀድሞ። ሣራ ባንዜ ገና በወጣትነቷ በ1774 ሞተች። ሥራውን ለረጅም ዓመታት የመራችው በቄሱ ቤት አገልጋይ የነበረችው ልዊዝ ሼፕለር ናት፤ በ1829 የፈረንሳይ አካዳሚ ሸልሟታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልባችንን ነካው። አንደኛው፣ ሐሳቡ የመጣው ከቄሱ ሳይሆን ከአንዲት የመንደር ልጅ መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያደረገው ደመወዝና ጣሪያ መስጠት ነው፤ ይህ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የዚያ ተራራ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት የአካባቢውን ቋንቋ ነበር፤ በሹራብ ክፍሉ ግን ፈረንሳይኛ ይማሩ ነበር። የእኛም ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ቸሃኛውን፣ መስቃንኛውን ወይም ክስታንኛውን ሰምተው ማቆያ ሲገቡ አማርኛ ይጠብቃቸዋል። አንዲት አባላችን ልጇ በማቆያው በሁለት ወሩ «አዶት» ማለት ትቶ «እማዬ» ሲላት ደስ ይበላት ይክፋት እንዳላወቀች ነግራናለች።

ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ፊርማን ማርቦ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1844 ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ከፈተ። ማርቦ ሕግ አዋቂና የከተማው አስተዳደር ሰው ነበር። ከሠራው ሁሉ እኛን የሳበን ሒሳቡ ነው። ማቆያው በምጽዋት የሚደገፍ ቢሆንም እናቲቱ ለአንድ ልጅ በቀን 20 ሳንቲም ትከፍል ነበር። ገንዘቡ ወጪውን አይሸፍንም፤ ታዲያ ለምን ያስከፍላታል? ማርቦ ማቆያው ለሠራተኛ እናት የሚያግዝ እንጂ ልጅ የሚጣልበት ቤት እንዳይሆን ይፈልግ ነበር። ከፋይ እናት ትጠይቃለች፤ ልጄ ምን በላ፣ ለምን አለቀሰ ትላለች። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1935 የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠረተ። ሥራው ግን በዋና ከተማውና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የተወሰነ ነበር፤ እንደ ወልቂጤ ያለ የመንገድ ዳር ከተማ አይደርስም። በደርግ ዘመን፣ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም «መዋዕለ ሕፃናት» የሚለው ቃል ወደ ቀበሌ ወረደ። ቀበሌው አዳራሽ ይሰጣል፣ ሴቶች ማኅበሩ ያስተባብራል። ታላላቆቻችን ከዚያ ዘመን የሚያስታውሱት የሴቶች ማኅበሩን ስብሰባ፣ ሰልፉንና የግዳጅ መዋጮውን ነው። ሆኖም መንግሥት ልጅ ማዋል የሕዝብ ሥራ ነው ብሎ ሲናገር የሰሙት ያን ጊዜ መሆኑንም አልሸሸጉንም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ማኅበሩም አብሮ ፈረሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን አወቀው እንጂ፣ መክፈቱን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለድርጅቶችና ለሃይማኖት ተቋማት ተወው። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ወጣ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን የ«ኦ» ክፍል እየከፈቱ ሄዱ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ መደበኛውን ሁለት ዓመት አድርጎታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ሙያችን ነውና ይፈቀድልን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። 90 ቀን ሦስት ወር ነው። የግል አፀደ ሕፃናት ልጅ የሚቀበለው ቀደም ቢል በአራት ዓመቱ ነው። አራት ዓመት 48 ወር ነው፤ ሦስቱን ስንቀንስ 45 ወር ይቀራል። የመንግሥቱን ክፍል የምትጠብቅ እናት ደግሞ ከዚህ ላይ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ትጨምራለች። በእነዚያ 45 ወራት ልጁ የማን ነው? የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸው ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ጥሩ ሕግ ነበር። ግን ማረቆ በርበሬ ለምትለቅም፣ ጉሊት ለምትቸረችር፣ በሰው ቤት ልብስ ለምታጥብ እናት ቀጣሪዋ መሥሪያ ቤት አይደለም። የወሊድ ፈቃዷ ክርስትና ወይም አቂቃ ከተደገሰበት ማግስት ያልቃል።

ስለ በርበሬው አንድ ነገር እንበል። ቡታጅራ ገበያ ያሉ አባሎቻችን በርበሬ ሲለቅሙና ሲቀነጥሱ ይውላሉ። ብናኙ አዋቂን ያስነጥሳል፤ ሕፃን ደግሞ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ያስለዋል። አንቀልባ እዚህ ላይ አይሠራም። ከተማ ውስጥ ጀፎረ የለም፤ የተከራየናት አንድ ክፍል በሯ የሚከፈተው ባጃጅ ወደሚበርበት መንገድ ነው። እናም በሩን ከውጭ ቆልፈን የምንሄድ አለን። ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እየሆነ ያለውን ለማስመዝገብ ነው። ከመካከላችን አንዷ በሰባት ዓመት ልጇ አስይዛው የሄደችው ሕፃን የፈላ ሽሮ ላይ ወድቆ ክንዱ ተቃጥሏል። ልጁ ድኗል። ታላቅ እህቱ ግን እስከ ዛሬ ወጥ ሲሠራ ወደ ማድ ቤት አትገባም።

ከዚህ በኋላ ታሪካችን ወደ አጣጥ ያልፋል። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ሆስፒታል የማያውቅ ጉራጌ የለም ማለት ይቻላል። በወረቀት ስሙ በእመቤታችን በሉርድ ማርያም የተሰየመ ነው፤ ሰዉ ግን «አጣጥ» ብቻ ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የያዙት የካቶሊክ ደናግል ናቸው፤ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ይባላሉ። የእነዚህ ሴቶች አነሣሥ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። መሥራቻቸው አና ዴንገል በ1892 ኦስትሪያ የተወለደች ሐኪም ናት። ያኔ ሕንድ በነበረችው ራዋልፒንዲ ስትሠራ ያየችው ነገር ዕረፍት ነሣት። ሙስሊም እናቶች ወንድ ሐኪም ፊት አንቀርብም ብለው በወሊድ ይሞታሉ። ሴት ሐኪም ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያኗ ሕግ መነኩሲት ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥራ እንድትሠራ አይፈቅድም ነበር። ዴንገል በ1925 ማኅበሯን መሠረተች፤ ሙሉው ፈቃድ ከሮም የመጣው በ1936 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። አንዳንዶቻችን የንግድ ፈቃድ ሦስት ወር ሲዘገይብን የምንናገረውን አስታውሰን ሳቅን።

አጣጥ ማቆያ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው። እዚህ ያነሣነው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ለእናት ምን እንደሚሠራ በቁጥር ያሳየን እሱ ስለሆነ ነው። ሆስፒታሉ በየመንደሩ ወርዶ የክትባትና የንጹሕ ውኃ ሥራ ከሕዝቡ ጋር ሠርቷል። በግቢውም የነፍሰ ጡሮች ማቆያ አለው። ምጧ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል የተባለች እናት ቀኗ ሲቀርብ ቀድማ መጥታ እዚያ ትቆያለች፤ ምጥ ሲይዛት ሐኪሙ በእርምጃ ርቀት ላይ ነው። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ተጠንቶ ታትሟል። ከእነዚህ 6,805ቱ በማቆያው በኩል የመጡ ናቸው፤ የቀሩት በቀጥታ፣ ብዙዎቹም ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸው። የእናቶች ሞት በማቆያው ባለፉት ዘንድ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ በመጡት ዘንድ 1,333 ነበር። ሞቶ የተወለደው ከ1,000 በአንደኛው ወገን ወደ 18፣ በሌላው 191 ነው። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ የመጣችው እናት አስቀድሞ የደከመችና የዘገየች ስለሆነች ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም። ግን ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም አትሄድም? ከአባሎቻችን መካከል «ሂጂና ቆዪ» ተብለው ያልሄዱ አሉ። ምክንያታቸውን ስንጠይቅ ያች የመዝገባችን ዓምድ ተመልሳ መጣች። ቤት ያሉትን ልጆች ማን ይይዛቸዋል? ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቤት መራቅ ለአንዲት የሦስት ልጆች እናት ቀላል ነገር አይደለም። እናትን የሚያድነው ማቆያ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የልጆቹ ማቆያ ስለሌለ ባዶውን የሚያድርበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

በቡታጅራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቆጠራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1979 ዓ.ም. ገደማ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። በአሥር ቀበሌዎች ልደትና ሞት፣ መጥቶ መኖርና መልቀቅ ቤት ለቤት እየተዞረ ለዓመታት ተመዝግቧል። ታላላቆቻችን «ቆጣሪዎቹ መጡ» ይሉ እንደነበር ያስታውሳሉ። የተወለደው ተቆጠረ፣ የሞተው ተቆጠረ። በመሐል ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅ ዓምድ ግን እኛም ሳንቀር በመዝገባችን አልነበረንም።

በከተሞቻችን በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሠሩ የሕፃናት ማቆያዎችን ያየናቸው እንደ ተጠቃሚ ነው። ከመካከላችን ልጆቻቸውን ያዋሉ አሉ። እምድብር እ.ኤ.አ. በ2003 የራሷ ሀገረ ስብከት ያላት ከሆነች ወዲህ የካቶሊኩ ሥራ በአካባቢው ይበልጥ ይታያል፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ሕፃናትን የሚደግፉ ሥራዎች አሏቸው። ቀኑ እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይከፈታል። ልጁ ይታያል፤ ትኩሳት ካለው ይመለሳል። (እናት ለሥራ ቸኩላ ትኩሳቱን እያወቀች የምትደብቅበት ቀን አለ፤ እኛም አድርገነዋል።) አጥሚት ይጠጣል። ወለሉ ላይ ጂባ ተነጥፎ ጨዋታና መዝሙር ይሆናል። ቀትር ላይ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ፍራሾቹ በተርታ፣ ፖፖዎቹ በተርታ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቶች ይመጣሉ።

ለምን ቤተ ክርስቲያን? እምነት አንዱ ነው፤ ግን ለብቻው አይበቃም። ቤተ ክርስቲያን ቦታ አላት። አጥር፣ ዘበኛ፣ የውኃ ቧንቧና ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ የሚውል አዳራሽ አላት። አንድ ማኅበር ማቆያ ልክፈት ቢል መጀመሪያ የሚገድለው የቤት ኪራይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያንን አይከፍልም። በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታየው ትልቁ ርዳታ ይህ ነው፤ ደጋፊዎቻችን እንዲያስተውሉት እንፈልጋለን።

ሙስሊም አባሎቻችን ጉዳይ ነበራቸው፤ በተለይ ቡታጅራ ያሉት። ልጄ ምን ይዘምራል፣ ምን ይበላል? ከመነኮሳቱ ጋር ተቀምጠው በግልጽ ተነጋገሩ። ምሳው ላይ ሥጋ እንደማይቀርብ ተስማሙ። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ድንች ማንንም አያጣላም። በጸሎት ሰዓት የሙስሊሞቹ ልጆች ከአንዲት ሞግዚት ጋር ውጭ ይጫወታሉ። አንዲት እናት «ልጄ እቤት መጥቶ እጁን አጋጥሞ ሲጸልይ አየሁት፤ ከዚያ አባቱ ቢስሚላህን አስተማረውና ሁለቱንም ይላል» ብላ ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን። የሳቀው ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም። ልጆቻቸውን ያወጡም አሉ፤ መብታቸው ነው፤ ቅር ያላቸውም በማኅበሩ አብረውን ይቆጥባሉ።

ቅሬታም አለን። ከመካከላችን አሥራ አንድ እናቶች ልጆቻቸውን ያዋሉበት አንድ ማቆያ፣ ስሙን አንጠራም፣ የፕሮጀክቱ ዘመን አለቀ ተብሎ በሦስት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። ጥፋቱ የሞግዚቶቹ አልነበረም፤ እነሱም ሥራ አጡ። ገንዘቡ የመጣው ለሦስት ዓመት ነበርና በሦስት ዓመቱ ቆመ። ከአሥራ አንዱ እናቶች አራቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ሁለቱ ትልልቅ ሴት ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። ያን ዓመት የብድር አመላለሳችን ለምን እንደተንገዳገደ ለጠየቁን ደጋፊዎች መልሱ እዚህ አለ፤ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ «የገበያ መቀዛቀዝ» ብለን የጻፍነው በከፊል ይኸው ነበር።

የራስ አገዝ ቡድን የሚባለው ዘዴም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን በኩል የመጣ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ሥሩ ሕንድ ነው። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ ቲርፈንድ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2002 ናዝሬት ላይ በአምስት ቡድኖች ጀመረችው። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ እጅግ ትንሽ ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ካጠራቀሙት ይበደራሉ። ዋናው ሕግ ከውጭ ገንዘብ አለመጀመር ነው። ከእቁብና ከእድር ጋር ላደግን ለእኛ ይህ ለማስረዳት አላስቸገረም። ልዩነቱ የእቁቡ ዕጣ ሲወጣ የሚያበቃው ነገር እዚህ መቀጠሉ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብንና ካወራን በኋላ የራሳችንን ማቆያ ሒሳብ በወረቀት ላይ ሠራነው። ለምሳሌ ሠላሳ ሕፃናት ብንቀበል ሦስት ሞግዚት፣ አንዲት ምግብ አብሳይና አንዲት ጽዳት ያስፈልጉናል። በየትኛውም መንገድ ብናሰላው ደመወዝ ከወጪው ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ቀጥሎ ምግብ፣ ከዚያ ማገዶ ወይም ከሰል፣ ሳሙናና ውኃ ናቸው። ፍራሽ፣ አሻንጉሊትና የግድግዳ ቀለም አንድ ጊዜ ወጥቶ ያበቃል። ደጋፊዎች በደስታ የሚሰጡት ግን ለዚህ ለመጨረሻው ነው፤ ፎቶ ላይ ያምራልና። የሞግዚት ደመወዝ ፎቶ አይነሣም። ውድ ደጋፊዎቻችን፣ አንዲት ሞግዚት ለአምስት ዓመት መቅጠር ብንችል አሻንጉሊቱን ከጨርቅ ራሳችን እንሰፋለን።

ክፍያውን በተመለከተ ተከራክረናል፤ ገናም አልጨረስንም። አንዳንዶቻችን ድሀ እናት አትከፍልም እንላለን። ሌሎቻችን እንደ ፓሪሱ ሰው ትንሽም ብትሆን ትክፈል ባዮች ነን፤ የተዘጋብን ማቆያ ነጻ ስለነበር ሲዘጋ «ገንዘባችን» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሦስተኛ ሐሳብ ያመጣችው ቆጮ ነጋዴ አባላችን ናት። ገንዘብ የሌላት እናት በወር ሁለት ቀን ማቆያው ውስጥ ትሥራ፤ ያም በመዝገቡ ላይ በብር ተተምኖ እንደ ክፍያ ይያዝላት አለች። ለሒሳብ ያዥ ራስ ምታት ነው፤ ግን ይሠራል።

አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰንበት ትምህርት አዳራሿን ልትሰጠን በቃል ተስማምታለች፤ ጽሑፍ ገና አልተፈረመም። ቡታጅራ ያሉት አባላት እዚያ ያለችውን ቤት መርጠዋል፤ ባለቤቷ ሙስሊም ነጋዴ ሲሆን ኪራዩን በግማሽ ቀንሶልናል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የምንሰጥባቸው ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ክፍያው ነው። ሁለተኛው «ልጅ የሚይዝላት አጥታ» የቀረች አባል ከእንግዲህ እንዳትቀጣና እስካሁን የተቀጣችውም ገንዘብ ለማቆያው መነሻ እንዲሆን የቀረበው ሐሳብ ነው። ከመዝገቡ ደምረነዋል፤ ለአራት ፍራሽ ይበቃል።